ከኮራል ጉያ የሚኖረው ቀጭን ዓሣ

በዚህ ዓምድ በየወሩ ከአላህ (ሱ.ወ.) ፍጥረታት አንዱን እያነሣን አካሉን፣ አኗኗሩንና መኖሪያውን ስንቃኝ ቆይተናል። በዚህ ወር የምናነሣው ለወጥ የማይሆን፣ ከእስክሪብቶ ያጠረና የቀጠነ፣ ሰው በአጠገቡ ዋኝቶ ቢያልፍ እንኳ ብዙ ጊዜ የማያየው የባሕር ዓሣ ነው።

በለሚ ኩራ ለምንኖር ቤተሰቦች ዓሣ ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ ወይም ከአርባ ምንጭ ሐይቆች የሚመጣልን ቆሮሶና አምባዛ ነው። ባሕርን በዓይኑ ያየ ልጅ በሰሚትም ሆነ በአያት፣ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየምም ቢሆን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። የዚህን ዓሣ ሥዕል በክፍል ውስጥ ባሳየሁ ጊዜ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ እኛ ባሕር የለንም፤ የባሕር ዓሣ ምን ያደርግልናል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከስንፍና የመጣ አይደለም። አገራችን በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ እኛና ይህ ዓሣ የሚኖርበት ባሕር የምንገናኝበት ነገር በየቤታችን ማዕድ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። እርሱን በቦታው እናነሣዋለን፤ አስቀድመን ግን ከዓሣው ጋር እንተዋወቅ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን ያወጣለት ማን ነው?

ዓሣው በአማርኛ የታወቀ መጠሪያ የለውም። በእንግሊዝኛ ፓይፕፊሽ ይሉታል፤ የቧንቧ ዓሣ እንደማለት ነው። ሰውነቱ ረጅምና ቀጭን፣ አፉም እንደ ቧንቧ ወደፊት የወጣ ስለሆነ የተሰጠው ስም ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ቧንቧ ዓሣ እያልን እንጠራዋለን። ከባሕር ፈረስ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ ዝርያዎች የተመዘገቡ ሲሆን አብዛኞቹ ቧንቧ ዓሦች ናቸው። የባሕር ፈረስን በሥዕል ያየ ሰው አንገቱን አቅንቶ፣ ጅራቱን ዘርግቶ፣ በሆዱ ቢያስተኛው ቧንቧ ዓሣን ይመስልለታል።

ከነዚህ ሁሉ ለዛሬ የመረጥነው በቀይ ባሕር ኮራሎች መካከል የሚኖረውን፣ በሳይንስ ስሙ ኮሪቶይክቲስ ፍላቮፋሲያቱስ የሚባለውን ነው። ስሙ ለምላስ ይክበድ እንጂ ትርጉሙ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቃል በግሪክኛ «የራስ ቁር የደፋ ዓሣ»፣ ሁለተኛው በላቲን «ባለ ቢጫ ጥለት» ማለት ነው።

የዚህን ስም ሁለተኛ ቃል በ1838 ያወጣለት ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። ሩፔል በ1794 በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። በ1831 በምጽዋ ወደብ ገብቶ፣ በትግራይና በሰሜን ተራሮች በኩል አድርጎ እስከ ጎንደር ዘልቋል፤ በ1833 ወደ ምጽዋ ተመለሰ። ወደ አገሩ ከገባ በኋላ ከደጋውም ከባሕሩም የሰበሰባቸውን እንስሳት አንድ በአንድ እየገለጸ በመጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ የብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን መጠሪያ የሆነው ዋልያና የሰሜን ተራሮቹ ጭላዳ በ1835 ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት በዚሁ ሰው እጅ ነው። ቧንቧ ዓሣውም የወጣው የአቢሲኒያን የአከርካሪ እንስሳት በሚገልጸው መጽሐፉ ውስጥ ነው። እንግዲህ ዋልያንና ይህን ትንሽ ዓሣ አንድ መንገደኛ በአንድ ጉዞው አጥንቷቸው፣ በአንድ መጽሐፍ ስም አስይዟቸዋል ማለት ነው። አንደኛውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ሁለተኛውን ግን ረስተነዋል።

ጥርስም ጨጓራም የሌለው

ቧንቧ ዓሣችን ሲያድግ ርዝመቱ እስከ 12 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ከላይ እስከ ታች ቢጫና ጠቆር ያሉ ቀጫጭን መስመሮች እንደ መረብ ተጠላልፈውበታል። ቅርፊት የለውም። በቅርፊት ፈንታ በቆዳው ሥር የአጥንት ሰሌዳዎች ቀለበት ቀለበት ሆነው ከራሱ እስከ ጅራቱ ተደርድረዋል። ይህ የአጥንት ልብስ ለትልልቅ ዓሦች አፍ የማይመች ያደርገዋል። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍለዋል፤ እንደ ሌሎች ዓሦች ወገቡን እያማታ መፍጠን አይችልም። ሲዋኝ የሚገፋው በጀርባው ላይ ያለው ትንሽ ክንፍ ሲርገበገብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከመዋኘት ይልቅ እንደ እባብ በአሸዋውና በኮራሉ ላይ እየተሳበ ይውላል።

ለመሆኑ እንዲህ የተንቀራፈፈ ፍጥረት ምን አድኖ ይበላል? ምግቡ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ደቃቅ ነፍሳት መሰል እንስሳት ናቸው። መንጋጋዎቹ ተጣብቀው አንድ ቱቦ ሆነዋል፤ ጥርስ የለውም። ምግቡን የሚይዘው በመምጠጥ ነው። በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ይጠጋል። ሁለቱ ዓይኖቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ስለሚዞሩ አንዱ ሲያልም ሌላው አካባቢውን ይቃኛል። ከዚያም ጅማቱ እንደተወጠረ ወንጭፍ ያጠራቀመውን ጉልበት ድንገት ይለቀዋል፤ ራሱ ወደ ላይ ይፈናጠራል፣ አፉ በውስጥ ይሰፋል፣ ውሃው ከነምግቡ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው አንድ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል ከነዚያ ክፍሎች በጥቂቶቹ ነው። በዓይናችን ብናይ ምግቡ ከፊቱ ጠፋ ከማለት በቀር የሆነውን መከተል አንችልም።

ልጆች ይህን በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በሰፊ ሳህን ውሃ ላይ ጥቂት የጥቁር አዝሙድ ፍሬዎች ጣሉና በመጠጫ ስትሮ ለመሳብ ሞክሩ፤ ውሃውን ግን አትዋጡት። ስትሮው ከፍሬው አንድ ጣት ያህል ሲርቅ ፍሬው ንቅንቅ አይልም። ጫፉን ስታስጠጉት ግን ዘሎ ይገባል። መሳብ የሚሠራው ከቅርብ ነው። ቧንቧ ዓሣውም ያለው መሣሪያ ይኸው ስለሆነ እስከ አፍንጫው ድረስ ሳይታይ መጠጋት አለበት። ለመጠጋት ደግሞ የሚመስለው ነገር በዙሪያው ሊኖር ይገባል። መረብ መሰሉ ቀለሙ በተሰባበረ ኮራል፣ በአሸዋና በዋቅላሚ መካከል ሲሆን ይሰወርለታል። በባዶ ነጭ አሸዋ ላይ ብቻውን ቢቀመጥ ግን ያው ቀለም ያጋልጠዋል።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ዓሣ ጨጓራ የለውም። የዋጠው ምግብ በቀጥታ ወደ አንጀቱ ስለሚያልፍ በአንድ ጊዜ በልቶ ለነገ ማቆየት አይሆንለትም። ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያለ መልቀም ይኖርበታል። በመሆኑም ሩቅ አገር ሄዶ ምግብ ፈልጎ የሚመለስ ዓሣ አይደለም። ምግቡ፣ መደበቂያውና ትዳሩ ሁሉም በአንድ ሠፈር ውስጥ መገኘት አለባቸው።

ድንጋይ መስሎ ሕይወት ያለው ቤት

ያ ሠፈር የኮራል ደሴት ዳርቻ ነው። ኮራል ምንድን ነው? በሱረቱ አር-ረሕማን ከሁለቱ ባሕሮች ይወጣሉ ከተባሉት ጌጦች አንዱ «መርጃን» መሆኑን በመድረሳ የቀራ ሁሉ ያስታውሳል። ሙፈሲሮች በቃሉ ትርጉም ላይ የተለያየ አስተያየት ሰጥተዋል፤ ገሚሶቹ ትናንሽ ሉል ነው ሲሉ ገሚሶቹ ቀዩ የባሕር ጌጥ ነው ብለዋል። በዛሬው ዐረብኛ መርጃን ሲባል ግን ኮራል ማለት ነው።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም የደረቀ ቅርንጫፍ ይመስላል። ነገር ግን እንስሳ ነው። እያንዳንዱ ትንሽ ኮራል ፖሊፕ የሚባል፣ አንድ አፍና በዙሪያው ጣት መሰል እጆች ያሉት ለስላሳ ፍጥረት ነው። ከባሕሩ ውሃ ካልሲየም እየወሰደ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይሠራል። አንዱ በሌላው ላይ እየሠራ፣ የሞተው መሠረት ሆኖ በሕይወት ያለው ከላይ እየቀጠለ፣ በሺህ ዓመታት ውስጥ ከተማ የሚያህል ግንብ ይነሣል። በፖሊፑ ሥጋ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች አብረውት ይኖራሉ። እነርሱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጁና ለባለቤቱ ያካፍሉታል፤ እርሱም መጠለያ ይሰጣቸዋል። ኮራል ያለ ብርሃን የማይሆንለት፣ ጥርት ያለና ሞቅ ያለ ጥልቀት የሌለው ውሃ የሚፈልገው ስለዚህ ነው። የኛም ዓሣ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከባሕሩ ወለል እስከ 25 ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ነው።

የኮራል ግንቦች ከውቅያኖስ ወለል የያዙት ስፋት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። እንዲያም ሆኖ በባሕር ከሚኖሩ ዝርያዎች ወደ ሩብ የሚጠጉት በሕይወታቸው በአንዱ ዘመን ይጠለሉባቸዋል። ቀይ ባሕር በነዚህ ግንቦች ከታወቁት ባሕሮች አንዱ ነው። በምጽዋ ፊት ለፊት የሚገኙት የዳህላክ ደሴቶች ከመቶ የሚበልጡ ሲሆኑ በዙሪያቸው ኮራል ሞልቷል። ከደሴቶቹ በትልቁ በዳህላክ ከቢር በጥንታዊ የኩፊ ጽሕፈት የተቀረጹ የሙስሊሞች የመቃብር ድንጋዮች ይገኛሉ። በ615 ወደ ነጃሺ አገር የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች የተሻገሩትም ይህንኑ ባሕር ነበር። ስለዚህ ባሕሩ ለኛ ቤተሰቦች ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ከላዩ የሆነውን ታሪክ ስንማር ከሥሩ ያለውን ፍጥረት ሳንመለከት ቀርተን እንጂ።

የጠዋት ሰላምታና የአባት ሸክም

የቧንቧ ዓሣዎች ዋነኛ መታወቂያ የሚያረግዘው ወንዱ መሆኑ ነው። ሴቷ እንቁላሏን በወንዱ አካል ላይ ታኖራለች። በኛ ዓሣ ወገን ቦታው ከጅራቱ በታች ባለው የቆዳ እጥፋት ውስጥ ነው። እንቁላሎቹ እዚያው ተዳቅለው፣ እጥፋቱ ከግራና ከቀኝ አቅፏቸው፣ እስኪፈለፈሉ ድረስ አባትየው ይዟቸው ይዞራል። በብዙ የቧንቧ ዓሣ ዝርያዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ የአባትየው አካል ለጽንሶቹ ኦክስጅን እንደሚያቀርብ፣ በአንዳንዶቹም ምግብ እንደሚያካፍል ተረጋግጧል። ሲፈለፈሉ የወላጆቻቸው ቅርጽ ያላቸው እንደ ክር የቀጠኑ ናቸው፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን የሚያሳድጋቸው የለም። ሸክሙ ከመውለድ በፊት እንጂ ከወሊድ በኋላ አይቀጥልም።

የዚህ ዓሣ የቅርብ ዘመድ የሆነውን፣ ኮሪቶይክቲስ ሄማቶፕቴሩስ የተባለውን ዝርያ የጃፓን ተመራማሪዎች በሺኮኩ ደሴት ዳርቻ እየጠለቁ ለዓመታት ተከታትለውታል። ሶጋቤና ያናጊሳዋ የተባሉት ሊቃውንት በ2007 ባሳተሙት ጥናት እንደገለጹት፣ ጥንዶቹ በየጠዋቱ ይገናኛሉ፣ ተጠጋግተው ጎን ለጎን ይዋኛሉ፣ ከዚያም ተለያይተው እያንዳንዳቸው ወደ ምግባቸው ይሄዳሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን «የዕለት ሰላምታ» ብለውታል። ሰላምታው እንቁላል በሚጣልበት ቀን ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በየቀኑ ይፈጸማል። ጥንዶቹን አንድ ላይ የሚያቆየውም እርሱ እንደሆነ ያምናሉ።

በመቆየታቸውስ ምን ይጠቀማሉ? በዚያው ዝርያ ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት መልስ ሰጥቶበታል። የቀድሞ ጓደኛው ጋር የቆየ ወንድ ያረገዘውን ከወለደ በኋላ ብዙ ሳይዘገይ የሚቀጥለውን እንቁላል ይቀበላል። ጓደኛው የተለወጠችበት ወንድ ግን ይዘገያል፤ በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚወልድበት ጊዜ ይቀንሳል። የሴቷ እንቁላል የሚደርስበት ቀንና የወንዱ እጥፋት ባዶ የሚሆንበት ቀን የሚገጣጠመው በቆይታ ነውና። በዝግታ ለሚሳብና ብዙ ርቆ ለማይሄድ ዓሣ አዲስ ጓደኛ መፈለግ ቀላል ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ወጣቶች አንድ ነገር እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። ይህን አንብቦ «ቧንቧ ዓሣ ሁሉ ለትዳሩ ታማኝ ነው» የሚል ሰው ይሳሳታል። በአውሮፓ ባሕሮች የሣር መስክ ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ቧንቧ ዓሦች በአንድ ወቅት ወንዱም ሴቷም ከብዙ ጋር ይራባሉ። አላህ ለእያንዳንዱ ፍጥረት የየራሱን መንገድ ሰጥቶታል፤ እኛ ደግሞ የትዳር ሕጋችንን የምንማረው ከሸሪዓችን እንጂ ከዓሣ አይደለም። ሳይንስን ለስብከት እንዲመች አድርጎ መቁረጥ ለሳይንሱም ለስብከቱም አይበጅም። ያየነውን እንዳየነው እንናገር፤ በራሱ በቂ ድንቅ ነው።

በአፋር የቀረው ኮራል

አሁን ወደ ማዕድ ቤታችን እንግባ። በለሚ ኩራ ሱቆች የምንገዛው ጨው በአብዛኛው የሚመጣው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ ነው። ከዚያ በስተሰሜን በዳሎል የጨው ሜዳ ሠራተኞች ጨዉን እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየፈለጡ፣ በግመል ጭነው በበርሃሌ በኩል ወደ ትግራይ ሲያወጡ ኖረዋል። በአያቶቻችን ዘመን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው አሞሌም ጨው ነበር።

ይህ ጨው ከየት መጣ? የዳናክል ዝቅተኛ ሜዳ በአንዳንድ ሥፍራው ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከዛሬ 125,000 ዓመታት ገደማ በፊት ይህ ሜዳ የቀይ ባሕር አንድ ክንድ ነበር። በዳርቻውም ኮራል ይኖርበት ነበር። ኋላ በሰሜን በኩል መሬቱ ከፍ ብሎ መግቢያውን ዘጋው። ከባሕሩ የተቆረጠው ውሃ በአፋር ፀሐይ እየተነነ ደረቀ፤ ጨዉ ቀረ። ኮራሎቹም ዛሬ ድረስ በሜዳው ዳርና ዳር ድንጋይ ሆነው፣ ቀንድ አውጣና ዛጎል በመካከላቸው ተጣብቆ ይታያሉ። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ዕድሜያቸውን የለኩት ከነርሱው ናሙና እየወሰዱ ነው።

ለተማሪው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። ባሕር ባይኖረንም በባሕር ወለል ላይ የቆመ ምድር አለን። በየዕለቱ በወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ጨው የደረቀ ባሕር ትራፊ ነው። አፋር ደግሞ ለኮራል ነዋሪዎች መኖሪያቸው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በድንጋይ ተጽፎ የሚታይበት አገር ነው። ትልልቆቹና ፈጣኖቹ ዓሦች በሩ ሳይዘጋ መውጣት ይችሉ ይሆናል። በኮራሉ ላይ የተጣበቀው፣ የሚሳበው፣ ከሠፈሩ የማይርቀው ግን መሄጃ የለውም። ያን ጊዜ ግን በሩን የዘጋው መሬት ነበር፤ ጊዜውም ረጅም ነበር።

ዛሬ የሚያሰጋው

የዛሬው ስጋት ግን የሚመጣው ከሰው ሥራ ነው፤ ፈጣንም ነው። ባሕሩ ከተለመደው የበጋ ከፍተኛ ሙቀት አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ጨምሮ ለሳምንታት ከቆየ፣ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ ያሉት ዋቅላሚዎች ይወጣሉ። ቀለም የሚሰጡትም እነርሱ ስለሆኑ ኮራሉ ነጭ ይሆናል። ሙቀቱ ቶሎ ከወረደ ይመለሳሉ፤ ካልወረደ ፖሊፑ በረሃብ ይሞታል። በመላው ዓለም እንዲህ ያለ የመንጣት ጉዳት በ1998 በስፋት ታየ። በሚያዝያ 2024 ደግሞ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱን ሳይንቲስቶች አስታውቀዋል። በሰሜን ቀይ ባሕር፣ በአቀባ ባሕረ ሰላጤ ያሉት ኮራሎች ሙቀትን ከሌሎች በተሻለ እንደሚቋቋሙ በጥናት ታውቋል፤ ይህም ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን የመቋቋም አቅም ወሰን አለው።

ሌላው ስጋት ንግድ ነው። የደረቁ የባሕር ፈረሶችና ቧንቧ ዓሦች ለቻይና ባህላዊ መድኃኒት በብዛት ይሸጣሉ፤ በሕይወት ያሉትም በመስታወት ሣጥን ለሚያኖሩ ሰዎች ይቀርባሉ። በ2002 የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው የባሕር ፈረስ ዝርያዎች በሙሉ ንግዳቸው ቁጥጥር እንዲደረግበት ወሰኑ። ቧንቧ ዓሦች ግን በዚያ ውሳኔ አልተካተቱም። ባለ ቢጫ ጥለቱ የኛ ዓሣ ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ አልተመደበም፤ አልሐምዱ ሊላህ። ይህ ማለት ግን ቤቱ አልተነካም ማለት አይደለም።

ከአህጉራችን አንድ ምሳሌ እንመልከት። በደቡብ አፍሪካ ወንዞች ከባሕር በሚቀላቀሉበት ጥቂት ሥፍራ ብቻ የሚኖር አንድ ቧንቧ ዓሣ አለ። በ1994 ጠፍቷል ተብሎ ተመዘገበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥቂቶቹ በመገኘታቸው ስሙ ከጠፉት መዝገብ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ግን በከፍተኛ አደጋ ላይ ነው። ዓሣውን ብዙ ሰው አልያዘውም፣ ለምግብም አልፈለገውም። ችግሩ የመጣው ከላይ፣ ከወንዞቹ ነው። ውሃው በግድብ ሲያዝ ከወንዙ ጋር የሚወርደው ጨው የሌለው ውሃና ለደቃቃን እንስሳት የሚሆነው ምግብ ቀነሰ። ጨጓራ የሌለው ዓሣ ደግሞ ምግቡ ለጥቂት ቀናት ሲታጣ ይጎዳል። ባሕሩን በዓይናቸው የማያዩ ሰዎች ከሩቅ የሚያደርጉት ነገር ወደ ታች ወርዶ በእርሱ ላይ ደረሰ።

በየቤታችን

በለሚ ኩራ የሚጣለው ፌስታል ወደ ቀይ ባሕር ይገባል ብዬ አላስፈራራችሁም፤ እውነት አይደለምና። ከሠፈራችን የሚወርደው ጎርፍ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በመንገዱ ላይ ግን የኛን ቆሻሻ ይዞ የሚያልፈው የሚጠጡ ከብቶች፣ የሚያጠምዱ ሰዎችና የሐይቅ ዓሦች ባሉበት ነው። ለቆሮሶውም ቤቱ ውሃው ነው። ስለዚህ ከቧንቧ ዓሣው የምንማረውን የምንሠራበት ቦታ ቀይ ባሕር ሳይሆን ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ያለው ቦይ ነው። ወላጆች ልጆቻችሁን ይዛችሁ አንድ ቀን ቦዩን ተመልከቱ፤ ከየት እንደሚነሣና ወዴት እንደሚሄድ በወረቀት ላይ አስሥሏቸው። የት እንደሚደርስ ያወቀ ልጅ ከድልድይ ላይ ሲጥል እጁ ያመነታል።

የመስታወት ሣጥን ዓሣ በቤታችሁ ለማኖር የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ፣ ከባሕር የተያዘ ቧንቧ ዓሣ ቢቀርብላችሁ አትግዙ። በሕይወት ያለና የሚንቀሳቀስ ደቃቅ ምግብ ቀኑን ሙሉ ስለሚፈልግ፣ ደረቅ የዓሣ ምግብ ቢበትኑለት አያውቀውም፤ አብዛኛውን ጊዜ በረሃብ ይሞታል። በእጃችን ያለ እንስሳ አማና ነው፤ መመገብ የማንችለውን አማና አንቀበል።

በትምህርታችሁ ለመግፋት ለምትፈልጉ ወጣቶች መንገዱ ዝግ አይደለም። በሰበታ የዓሣና የሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ብሔራዊ ምርምር ማዕከል አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የዓሣና የውሃ አካላት ሳይንስ ይሰጣል። ሩፔል የኛን ዋልያና የቀይ ባሕሩን ቧንቧ ዓሣ ሊገልጽ ከፍራንክፈርት ድረስ መጥቷል። ከአያት ወይም ከሰሚት ተነሥቶ የዳናክልን ኮራል የሚያጠና ልጅ የሚጓዘው ከእርሱ ያነሰ ነው።

የዚህ ወር ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው። አንደኛ፦ ቧንቧ ዓሣ ቀኑን ሙሉ እንዲበላ የሚያስገድደው በአካሉ ውስጥ የሌለው ነገር ምንድን ነው? ሁለተኛ፦ ኮራል ሲነጣ ከሥጋው የሚወጣው ምንድን ነው? ሦስተኛ፦ ከቤታችሁ አጠገብ ያለው ቦይ ወደ የትኛው ወንዝ ይገባል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ከዚህ ገጽ ታገኟቸዋላችሁ። ሦስተኛውን ግን ወጥታችሁ፣ ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ፣ ሥዕሉንም ሠርታችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ወር ኢንሻ አላህ በሌላ ፍጥረት እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።